ተሳልመው ያሳለፉት ጽዋ

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ክረምት ነው። ባልደረቦቼ ኬክ አስቆርሰው፣ ጋቢ አልብሰው፣ «ዶክተር ግርማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ» ብለው ሸኙኝ። ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ «ዶክተር» የሚለኝን ሁሉ ሳርም ኖሬ፣ የመጨረሻዋ ቀን ላይ ታከተኝና ዝም ብዬ ኬኬን በላሁ። የጡረታ ወረቀቱ ጉዳይ ገና አላለቀም፤ የደረሰበት ያውቀዋልና እሱን ልዝለለው።

አሁን ጠዋት ጠዋት አዳማ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሳሚውን አያለሁ። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ልጁን እየጎተተ ያልፋል። ሚስቴ «አንተስ? ድሮ ተረኛ ነኝ ትል ነበር፤ አሁን ምን ሰበብ አለህ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። እሄዳለሁም። ብቻ ብዙ ነጭ የለበሰ ሰው አንድ ላይ ሳይ ከደጁ እመለሳለሁ። ሚስቴ ስንፍና ይመስላታል። ስንፍና አይደለም፤ ወይንሸት የምትባል ሴት ትዝ እያለችኝ ነው። የወይንሸትን ነገር ደግሞ ያለ ሲስተር አስካለ መናገር አልችልም። ሲስተር አስካለን ያገኘኋቸው ገና ሥራ ስጀምር ስለሆነ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ቆቃ ነበር፣ ሐይቁ ዳር። ወባው ሰውን ጉንፋን እንደሚይዘው ነበር የሚይዘው። አለቃዬ ቁልፍ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ፋሻውንም፣ አልኮሉንም፣ መርፌውንም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ሞጆ ስብሰባ ይሄዳሉ። ዓሣ አጥማጅ መንጠቆ እጁ ላይ ተሰክቶበት ይመጣል፤ እኔ የተቆለፈውን ቁም ሣጥን እያየሁ በጨው ውሃ አጥበዋለሁ። አንድ ቀን ደሜ ፈላና የቁም ሣጥኑን ጀርባ በካቻቢቴ ፈትቼ ፋሻ አወጣሁ። ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ብዙ ሳይቆይም ወደ መቂ ተዛወርኩ። ቅጣት መሆኑ ነው። እኔ ግን ሙያውን የተማርኩት መቂ ነው።

መቂ ነርሶቹን የሚመሩት ሲስተር አስካለ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ እርምጃቸው ፈጣን፣ አንገታቸው በንቅሳት የተከበበ የሰሜን ሸዋ ሴት። ጠዋት ሲገቡ ነጠላቸውን አጥፈው ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ይሰቅሉና «አንቺ እዚሁ ቆዪኝ» ይሏታል፣ የእውነት ሰው ይመስል። አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚሏት ጠየቅኳቸው። «እሷን ለብሼ ብገባ ታማሚው የሚያየው እሷን ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራ ላይ ነኝ» አሉኝ። ሃይማኖተኛ ነበሩ። ጾም አይገድፉም፤ ተረኛ ካልሆኑ በስተቀር ቅዳሴ አያመልጣቸውም። የታማሚ አጥሚት ሳይቀመስ አይሰጥም የሚል ሕግ ነበራቸው፤ በጾም ወራት ወተት ካለበት ግን ኩባያውን ለኔ ይሰጡኛል። «አንተ እንደሁ አትጾም፣ ቅመሰው። ቢያንስ በዚህ ትጠቅማለህ» ይሉኛል። ሳቃቸው ከሰውነታቸው ይበልጥ ነበር።

ከጋሪ ወድቀው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ያቃታቸው አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተኝተው ነበር። ብዙ ከመተኛት ጀርባቸው ታች የአልጋ ቁስል ወጣባቸው። እንዲህ ያለ ቁስል ሽታው ከበሩ ይቀበልሃል። ሲስተር ገብተው «አካም ጅርቱ፣ አባባ?» ይላሉ። ሽማግሌው «ፋያ» ይላሉ፣ ደህና ሳይሆኑ። ከዚያ ስለ በሬዎቻቸው፣ ስለ ሽንኩርት ማሳቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው ተንኮል ይጠየቃሉ። ወሬው ሲሞቅ የውሃው ሙቀት በክርን ይለካል፤ የሚታጠበው ቦታ ብቻ ይገለጣል፤ ሌላው አካላቸው እንደተሸፈነ ይቆያል። እኔ መጀመሪያ ቀን ቁስሉ ላይ የተጣበቀውን ፋሻ ልነቅል ስል እጄን መቱኝ። «አትንጨው! በጨው ውሃ አርሰውና ራሱ ይልቀቅህ። ትዕግሥት ከሌለህ ሾፌር ሁን።» ከክፍሉ ስንወጣ ደግሞ ዋናውን ነገሩኝ። «ግርማ፣ ሰውየው ቁስሉ ጀርባው ላይ ነው፤ አያየውም። የሚያየው ያንተን ፊት ነው። ዛሬ ፊትህን ስታኮሳትር ሞቻለሁ ብሎ ደነገጠ። ፊትህንም እንደ እጅህ ታጥበህ ግባ።» ይህን ለተማሪዎቼ ሁሉ አስተምሬዋለሁ፤ ከማን እንደሰማሁት ሳልነግራቸው ቀርቼ አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ሲስተር አዳማ ወዳለ ጤና ጣቢያ ተዛወሩ። እኔንም «ያ ቁም ሣጥን ሰባሪ ይላክልኝ» ብለው አስመጡኝ። ጊዜው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሰው ሁሉ መታደል የጀመረበት ሰሞን ነበር። ከዚያ በፊት የምንሠራው ማጠብና መሸኘት ብቻ ነበር። አሁን ተሸክመው ያመጡት ሰው በእግሩ ሲመለስ ማየት ጀመርን። ሥራዬን እንደዚያን ጊዜ ወድጄው አላውቅም።

ወይንሸትን ያመጣት ባጃጅ ነው። ሹሩባ ሠሪ ነበረች፤ የአዳማ ሙሽራ ግማሹ በሷ እጅ ነው ያማረው ይባል ነበር። ባሏ የጂቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ሲያስለው ከርሞ ሞተ። በዚያ ዘመን የሾፌር ሚስት ስትከሳ ሰው ምን ይል እንደነበር መናገር አያስፈልገኝም። ለሹሩባ ጸጉሩን የሚሰጣት ሰው ጠፋ። «ጸጉር እኮ ደም የለውም፣ ብራዘር» አለችኝ፣ አልጋው ላይ እንደ ሕፃን ቀልላ። በሽታው እንዳለባት ታውቃለች፤ መድኃኒቱ እንዳለም ታውቃለች። ግን አልወስድም አለች።

«ለምን?» አልኳት።

«ለማን ብዬ?»

እኔ ስለ መድኃኒቱ ላስረዳት ስጀምር ሲስተር አስካለ በዓይናቸው ዝም አሰኙኝ። ጠይቀው አይደለም የተረዷት፤ ያውቋታል። ሁለቱም የአንድ ማኅበር ሰዎች ነበሩ። በየወሩ በሚካኤል ቀን በየተራ ቤት እየተሰበሰቡ ጽዋ ይጠጣሉ። ዳቦ ይቆረሳል፤ ጠላ የሞላው አንድ ጽዋ ይዞራል፤ ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ይጎነጫል። ነገሩ ጠላ መጠጣት አይደለም። ከአንድ ጽዋ የጠጣ ሰው ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲሞት ይቀበራል፣ ልጁ ሲያገባ ይዳርለታል፤ ዘመድ ማለት ነው። ወይንሸት እናቷ ምንጃር ገጠር ናቸው፤ ልጅ አልወለደችም፤ አዳማ ላይ ያላት ዘመድ ይኸው ማኅበር ብቻ ነበር።

ማኅበሩን የሚመሩት ሰው፣ ሙሴው፣ ጋሽ ንጉሤ የሚባሉ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ናቸው። ሰዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ለኔ ይቀለኝ ነበር። የባሏን አስከሬን ከፊት ሆነው የተሸከሙት ጋሽ ንጉሤ ናቸው። እሷ ስትታመም ጤፍ ልከዋል፤ ጸሎት አስደርሰዋል። ብቻ ጽዋው ሲዞር ለሷ ለብቻዋ የላስቲክ ኩባያ ይሰጣት ጀመር። «አንቺ ደካማ ነሽ፤ ከሌላው አፍ በሽታ እንዳይጋባብሽ» አሏት። ለሷ የታሰበ አስመስለው ነው ያቀረቡት። ወይንሸት ኩባያዋን ተቀብላ፣ አመስግና ጠጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወደ ማኅበሩ አልሄደችም።

ሲስተር አስካለ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና እጇን ያዙ። «ስሚኝ ወይንሸት። መድኃኒቱን ዋጪና ተነሺ። ተራሽ ሲደርስ ማኅበሩን ቤትሽ ጥሪ። ጽዋውን ከእጅሽ ተቀብዬ፣ ሰው ሁሉ እያየ እጠጣለሁ። እኔ ሐኪም ነኝ። እኔ ስጠጣ ካዩ ማን እምቢ ይላል?»

«እውነት እትዬ አስካለ? ይጠጡልኛል?»

«ሚካኤል ምስክሬ ነው።»

ወይንሸት በዚያ ቃል ነው የተነሣችው። መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ አንገላታት፤ ቆዳዋ ሽፍ አለ፣ ቅዠት ያዛት፣ የበላችውን ያስመልሳት ነበር። አንድ ቀን አላቋረጠችም። ቀስ በቀስ የአንገቷ አጥንት ተሸፈነ፣ ጉንጯ ሞላ። ለክትትል ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ በርጩማ ትስብና የሲስተርን ጸጉር ትሠራለች። ከሲስተር ቀጥሎ ጽዳት ሠራተኞቹ፣ ከዚያ የላቦራቶሪ ልጆች ወረፋ ያዙ። ኃላፊያችን መጥቶ «ይሄ ጤና ጣቢያ ነው ጸጉር ቤት?» ሲል ሲስተር «ሁለቱንም ነው፤ አንተም ጸጉር ካለህ ተሰለፍ» አሉት። ሰውዬው መላጣ ነበር። ያን ዕለት ወይንሸት እስኪያስላት ስትስቅ ትዝ ይለኛል።

ተራዋ ደረሰ። ማኅበሩ ውስጥ «አይሆንም» ብሎ ስሙን የሚያስጠፋ ሰው አልተገኘም፤ ጽዋው እስከ ቀጣዩ የሚካኤል ቀን ሊቆይ በዝማሬ ቤቷ ገባ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ መጥታ «ብራዘር፣ ሚካኤል ቤቴ ገባ! አንተም ትመጣለህ» አለችኝ። ወሩን ሙሉ ስትዘጋጅ ከረመች። ቤቷን ኖራ አስቀባች። ጌሾውን ራሷ ወቀጠች፤ ሲስተር «አትድከሚ» ቢሏት «ይሄማ ድካም አይደለም» አለች። የወይንሸት ጠላ ድሮ በማኅበሩ ውስጥ ስም ያለው ነበር ይባላል።

ቀኑ ደረሰ፤ ሄድኩ። እንግዳ ስለሆንኩ በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ። ከማኅበርተኛው አንድም የቀረ የለም። ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ በክብር ገባ። ሲስተር አስካለ መሐል ላይ ተቀመጡ። ወይንሸት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ቆማለች። የማኅበሩ ካህን ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው፤ ጸሎት አደረሱ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ከጽዋው ጠጥተው «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» አሉና ጢማቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወይንሸት ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ለጋሽ ንጉሤ ሰጠች።

ጋሽ ንጉሤ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ጽዋውን ተቀብለው ግንባራቸውን አስነኩት፤ ጎኑን ሳሙት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር አነበነቡ። አልጠጡም። አጠገባቸው ላለው ሰው አሳለፉት።

እሱም ተነሣ። ግንባሩን አስነካ፣ ሳመ፣ አሳለፈ። ቀጥላ ያለችው ሴት ለመሳለም ጎንበስ ስትል ነጠላዋን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ነበር። እንዲህ እየተባለ ቀጠለ። ማንም ፊቱን አላኮሳተረም፣ ማንም ክፉ አልተናገረም። የማያውቅ ሰው ቢያይ እንዲህ ያለ አክብሮት አይቼ አላውቅም ይል ነበር። ወይንሸት ጽዋው በሄደበት አብራ ትሄዳለች፤ የእያንዳንዱን ሰው ከንፈር ታያለች። እኔ ልቤን ጥዬ የነበረው በሲስተር ላይ ነው። እሳቸው ጋ ሲደርስ ይቆማል አልኩ።

ሲስተር አስካለ ጋ ደረሰ። ተቀበሉት። ወደ ጋሽ ንጉሤ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ጽዋውን ግንባራቸውን አስነክተው፣ ሳሙና አሳለፉት።

ፊታቸው ምንም አልተለወጠም። ታማሚ ፊት የሚይዙት ያው የሥራ ፊታቸው ነበር። ወይንሸት ግን ከፊታቸው ዓይኗን አላነሣችም፤ ጽዋው ሌላ ሰው ጋ ከሄደ በኋላም እዚያው ቆማ ቀረች። በመጨረሻ በሩ ጋ እኔ ዘንድ ሲደርስ ጨለጥኩት። ጠላው ግሩም ነበር። «እግዜር ይስጥህ ብራዘር» አለችኝ በጨዋ ደንብ። የኔ መጠጣት ግን ምኗም አልነበረም። እኔ ደሞዝ ተከፍሎኝ የምነካት ሰው ነኝ፤ ማኅበርተኛዋ አይደለሁም። ሰዉ ዳቦውን «ለልጆች በረከት እንወስዳለን» እያለ በነጠላው ጫፍ ቋጠረ፤ መርቆ፣ ዘምሮ ወጣ። ጋኑ እንደሞላ ቀረ።

ከሲስተር ጋር ወደ ዋናው መንገድ አብረን ወጣን። ባጃጆቹ እየቆሙልን እያለፍናቸው ሄድን። ከዚያ «ግርማ» አሉ፣ «ጽዋው እጄ ሲገባ ንጉሤ አየኝ። ነገ ለኔም የላስቲክ ኩባያ ይመጣል ብዬ ፈራሁ። በሽታውን አይደለም። በሽታውን ፈርቼ አላውቅም፤ አንተ ታውቀኛለህ።» አውቃቸዋለሁ። ያለ ጓንት የሰው እንባ ሲጠርጉ፣ የሚያስለውን ሰው ደረታቸው ላይ አስደግፈው ሲያጎርሱ ኖረዋል። ተናድጄባቸው ነበር፤ ቁጣዬ ግን መንገድ ዳር ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ሲያለቅሱ ሳያቸው ወጣልኝ።

ወይንሸት በቀጠሮዋ አልመጣችም። ቤቷ ሄድን። በደንብ ተቀበለችን፤ ተነሥታ አስቀመጠችን፤ ስለ ጤናችን ጠየቀችን። መድኃኒቱ መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሷል።

ሲስተር ወንበር አልፈለጉም፤ መደቡ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ። ወይንሸት ጠጥታ ያጋመሰችው ውሃ በኩባያ ነበር፤ ብድግ አድርገው ጠጡት። እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ወይንሸት አየቻቸው። «አሁን ማን ያያል፣ እትዬ?» አለች።

«እግዜር ያያል ልጄ። እግዜር ይየኝ።»

«እግዜርማ ያን ዕለትም እዚሁ ነበር።»

ሲስተር አንገታቸውን ደፉ። ወይንሸት በቁጣ አልተናገረችም። እንዲያውም እጃቸውን ያዘችላቸው። «አይዘኑብኝ እትዬ። እኔ አልተቀየምኩም። መዳን የፈለግኩት ከሰው ልቀላቀል ብዬ ነው። ቆመው ሲስሙት ሳይ ገባኝ። አፈር አላለበሱኝም እንጂ ቀብረውኛል። ተዉኝ በቃ፣ ደክሞኛል።»

እኔ መጀመሪያ ለምኛት፣ ኋላም ተቆጥቼ ወጣሁ። ወደ ጋሽ ንጉሤ ሱቅ ሄጄ «ይምጡና አንድ ጊዜ፣ አንድ ጉንጭ ይጠጡላት፤ ነፍስ ነው የያዝነው» አልኳቸው። ቀበቶና ፍሬን ሸራ በተሰቀለበት መሐል ቆመው ሰሙኝ። ሰውዬው ከልባቸው አዘኑ። «እኔ ለራሴ መች ፈራሁ ብራዘር» አሉ። «እኔ ብጠጣ ግማሹ ማኅበርተኛ በሚቀጥለው ወር ይቀራል። ማኅበሩ ይበተናል። የሚካኤል ጽዋ በኔ ዘመን ይቁም?» ማር ገዝተው ሰጡኝ፤ አድርስልኝ ብለው። አደረስኩላት። ወይንሸት ማሩን ለጎረቤት ልጆች አካፈለች።

ጥቂት ወራት ቆይታ ሳንባዋ ታመመ። ስትመጣ መድኃኒት ብንጀምርላትም ሰውነቷ አልተቀበለም። ሲስተር አስካለ ሌላ ሰው አላስነኳትም። በየጠዋቱ ያጥቧታል፣ ያገላብጧታል፣ ጸጉሯን ፈተው ያበጥሩላታል። ወይንሸትም እሺ ትላለች፤ «ውሃው ሞቀብሽ?» ሲሏት «ደህና ነው እትዬ» ትላለች። ያን ነገር ሁለቱም አላነሡትም። ያለፈችው ረፋድ ላይ ነው፣ እኔ ሌላ አልጋ ጋ ሳለሁ። ስመጣ ሲስተር ዓይኗን ከድነው፣ አገጯን በፋሻ አሥረው፣ አውራ ጣቶቿን አገናኝተው ጨርሰዋል። ከዚያ ሁሉ ዓመት ሥራ አንድ ሰው መልሰህ ውሰድ ብባል የምወስደው እሷን ነው። መድኃኒቱ እያለ ነው የሞተችው። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ሲስተር ጡረታቸው እስኪደርስ አልቆዩም፤ በጤና ምክንያት ብለው ቀድመው ወጡ። ከማኅበሩም ወጡ። ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው «እኔ ነኝ ያልበቃሁት» ይሉ ነበር እንጂ ማንንም አልወቀሱም። እስኪያርፉ ድረስ ቤት ለቤት እየሄዱ ሰው ያገለለውን ሕመምተኛ ያጥቡ ነበር። ልጠይቃቸው ስሄድ አንዳንዴ አብሬያቸው እወጣ ነበር፤ ሳቃቸው ግን እንደ መቂው አልነበረም። አሁን ግን ቀደምኩ፤ የተዝካሩን ቀን ሳልናገር።

የወይንሸት ቀብር ታላቅ ቀብር ነበር። ማኅበሩ ድንኳን ተከለ፤ ካህናት ጠራ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። በአርባዋም ደግሞ ተዝካር ተደረገ፤ እናቷ ከምንጃር መጥተው የቀራቸውን በሬ ሸጠው ነው ያዘጋጁት። ማኅበርተኛው ሁሉ መጣ፣ ያው ነጭ ለብሶ፣ ወደ ያቺው ኖራ የተቀባች ቤት። ጋሽ ንጉሤ ተነሥተው ስለ «እኅታችን ወይንሸት» ተናገሩ፤ ደግነቷን፣ ለሚካኤል የነበራትን ፍቅር። ድምፃቸው ተቆራረጠ። የማስመሰል አልነበረም።

እናቲቱ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሠሩ ሴት ናቸው። ጠላ የሞላ ማንቆርቆሪያ ይዘው ለመቅዳት መሐል ላይ ሲቆሙ፣ ሲስተር አስካለ ከተቀመጡበት ተነሡ። ሰዉ ሊያግዟቸው የተነሡ መስሎት ነበር።

«እማማ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ቤቱ ሁሉ ግን ሰማው። «ለእኛ አይቅዱልን። ልጅዎ በሕይወት ሳለች በዚህ ቤት ጽዋ አዙራልን ነበር። ከእኛ ከማኅበርተኞቹ አንዳችንም አልጠጣንላት። ሳምን እንጂ አልጠጣንላትም። እኔ ቃል ገብቼላት ነበር፤ እኔም አልጠጣሁላትም።»

ጋሽ ንጉሤ መሬት መሬቱን አዩ። አንዲት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

እናቲቱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆመው ሲስተርን አዩዋቸው። «አውቃለሁ ልጄ» አሉ። «ነግራኛለች። ልጠይቃት የመጣሁ ጊዜ 'እማዬ፣ ስሞት ይመጣሉ። ያኔ አይፈሩኝም። ምንም ሸጠሽ ቢሆን አዘጋጅተሽ ጠብቂያቸው፤ አንድ ሰው ሳይጠጣ ከቤቴ እንዳይወጣ፣ በሞቴ' አለችኝ። በሞቷ አስምላኝ እንዴት አልቀዳላችሁም?»

ከጋሽ ንጉሤ ጀመሩ። ብርጭቆ እንኳ አልለወጡም፤ በአንዱ ብርጭቆ ቀድተው ሰጧቸው፣ ባዶውን ተቀብለው ደግመው ቀድተው ለቀጣዩ ሰጡ። ጋሽ ንጉሤ ጠጡ። ቀጥሎ ያለው ጠጣ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ የጣለችው ሴት ገልጣ ጠጣች። ማንም ግንባሩን አላስነካም፣ ማንም አልሳመም፤ እያለቀሰ ይጠጣል። ሲስተር አስካለ በመጨረሻ ተቀብለው ጠጡና ብርጭቆውን እንደያዙ ተቀመጡ። እናቲቱ ብርጭቆውን ከእጃቸው ወሰዱ፣ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ቃኙ፣ የቀረ ሰው እንደሌለ አረጋገጡ።

«ይኸው ወይንዬ» አሉ፣ ወደ ማንም ሳያዩ፣ «ጠጡልሽ።»

ማንቆርቆሪያውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።